ሙስታንግ፦ በደረቅ አየር የተሠራች የሂማላያ ወረዳ ዝናብ ሲለምዳት

በኔፓል ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከቲቤት ጋር ከምትዋሰነው የሙስታንግ ወረዳ የሚወጣው ዜና እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል። ሳምጆንግ የምትባለው መንደር ነዋሪዎች ማሳቸውን የሚያጠጡበት ውሃ ስለከዳቸው የአያት ቅድመ አያቶቻቸውን ቀዬ ለቀው ሄደዋል። በዚያችው ወረዳ ካግቤኒ የምትባለውን ጥንታዊ መንደር ደግሞ በኦገስት 2023 ደራሽ ውሃ መትቷት ቤቶቿንና ድልድይዋን ጠርጎ ወስዷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዲት ወረዳ በአንድ ዘመን በውሃ እጦትም በውሃ ብዛትም እንዴት ልትጎዳ ትችላለች?

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2025ን የበረዶ ግግሮች ጥበቃ ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎ ከሰየመ ወዲህ ስለ ሂማላያ የሚነገረው ነገር በአብዛኛው “ተራራው እየቀለጠ ነው” በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቃለላል። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት የለበትም፤ የሳምጆንግንና የካግቤኒን እጣ ግን አያስረዳም። ጉዳዩን ለመረዳት ሙስታንግ ከመነሻዋ በምን ላይ እንደቆመች ማየት ያስፈልጋል። ገደሎቿና ዋሻዎቿ፣ የጭቃ ቤቶቿና የመስኖ ሥርዓቷ፣ ጎብኚን የሚስበው ያ እንግዳ ውበቷ ጭምር የደረቅ አየር ልጆች ናቸው። አሁን እየተናጋ ያለውም ይኸው መሠረት ነው።

ወንዙ ከተራራው ይበልጥ ሽማግሌ ነው

ሙስታንግ 3,573 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖራት በ2021 የሕዝብ ቆጠራ የተመዘገበባት ሰው 14,452 ብቻ ነው። ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አራት ሰው ገደማ ማለት ነው። የወረዳዋ መቀመጫ ጆምሶም 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ከደብረ ብርሃን ጥቂት ዝቅ ትላለች። ከጆምሶም ወደ ሰሜን ግን ምድሩ ያለማቋረጥ ይወጣል፤ የቀድሞው የሎ መንግሥት መናገሻ የነበረችው በግንብ የተከበበችው ሎ ማንታንግ 3,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ወደ ቲቤት የሚያሻግረው የኮራ ላ በር 4,660 ሜትር ሲደርስ፣ በሂማላያ ሰንሰለት ውስጥ ካሉት መተላለፊያዎች መካከል ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። “ዝቅተኛ” የተባለው ይህ በር ከራስ ደጀን ጫፍ እንደሚበልጥ ልብ ይሏል።

ወረዳዋን ከሰሜን ወደ ደቡብ ሰንጥቆ የሚያልፈው ካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ነው። ወንዞች እንደ ልማድ ከተራራ ጫፍ ተነሥተው ወደ ቆላ ይወርዳሉ እንጂ ተራራን ከጀርባው ገብተው በፊቱ አይወጡም። ካሊ ጋንዳኪ ግን ከተራራው ሰንሰለት በስተ ሰሜን ተነሥቶ በዓለም ካሉት ታላላቅ ተራሮች በሁለቱ መካከል ያልፋል። በምሥራቅ 8,091 ሜትር የሚረዝመው አናፑርና፣ በምዕራብ 8,167 ሜትር የሚረዝመው ዳውላጊሪ ይቆማሉ። ብዙ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ይህን የሚያስረዱት ወንዙ ከተራራው በፊት እንደነበረ በመግለጽ ነው። ምድሩ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ወንዙም በዚያው ፍጥነት እየቆረጠ አልጋውን ሳይለቅ ቆየ። እንዲህ ያለው ወንዝ በሙያው ቋንቋ “ቀዳሚ ወንዝ” ይባላል።

በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት በአየር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወንዙ በዚያ ቦታ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይፈሳል። ከጫፍ እስከ ወንዝ ያለው ልዩነት ከ5,500 ሜትር ስለሚበልጥ የቱሪዝም ጽሑፎች “የዓለም ጥልቁ ሸለቆ” ይሉታል። ይህን የማይቀበሉት ወገኖች በአንድ በኩል በቲቤት የሚገኘውን የያርሉንግ ሳንግፖ ሸለቆ ያስቀድማሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ የሸለቆ ጥልቀት ከአፋፉ እንጂ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ የተራራ ጫፍ ሊለካ አይገባም ይላሉ። ሁለተኛው መከራከሪያ ጠንካራ ነው፤ ክርክሩ የመለኪያ ጉዳይ በመሆኑም መቋጫ አይኖረውም። ለነዋሪው የሚያስከትለው ነገር ያለው ግን ጥልቀቱ ሳይሆን ሸለቆው በተራራው ግድግዳ ላይ የተከፈተ በር መሆኑ ነው። ነፋሱም፣ ነጋዴውም፣ ዛሬ ደግሞ መኪናው የሚያልፈው በዚሁ በር ነው።

ዝናቡን የሚያስቀረው ግድግዳ

ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥበት አዘል ነፋስ፣ ማለትም ሞንሱን፣ በደቡብ በኩል ከአናፑርና ግርጌ ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይገፋል። አየር ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ ያወርዳል። ስለዚህ በደቡቡ ተዳፋት ላይ ያለችው ሉምሌ በዓመት ከ5,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች። ከዚያ በቀጥታ መስመር 60 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከተራራው ጀርባ ያለችው ጆምሶም የምታገኘው ግን 300 ሚሊ ሜትር እንኳ አይደርስም። ተራራ ከጀርባው ያለውን ምድር ዝናብ ሲያሳጣው “የዝናብ ጥላ” ይባላል። በደጋው ተዳፋት ዝናብ አራግፎ ቆላው ላይ ባዶውን የሚደርስ ደመና ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በሙስታንግ የሚለየው ግድግዳው ስምንት ሺህ ሜትር መሆኑ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው በር የራሱን አየር ፈጥሯል። ጠዋት ፀጥ ያለው ሸለቆ ረፋዱ ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን በሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ይሞላና እስከ ማምሻው ይቆያል። ምክንያቱ በሰሜን ያለው ራቁት ከፍታ ምድር በፀሐይ ሲግል ከላዩ ያለው አየር ስለሚነሣ፣ የሚተካው አየር በጠባቡ ሸለቆ በኩል ተስቦ መግባቱ ነው። የጆምሶም አውሮፕላኖች በማለዳ በረው በረፋድ የሚያበቁት ለዚህ ነው። ቤቶችም ተደጋግፈው በመሠራታቸው፣ የመንደር መንገዶችም ጠባብና ጠመዝማዛ በመሆናቸው ነፋሱን ይሰብሩታል። ከሸለቆው ወለል የሚነሣው አቧራ የማያገኘው ነገር የለም፤ ዝናብ ግን ከነፋሱ ጋር እምብዛም አይመጣም።

ከባሕር ወለል የወጣ ምድር

በካሊ ጋንዳኪ ዳርቻ ከሚገኙት ጠጠሮች መካከል ክብ፣ ጥቁርና እንደተወለወለ ለስላሳ የሆኑ ድንጋዮች አሉ። አንዱ ለሁለት ሲከፈል በውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ፣ ዙሪያውን የጎድን አጥንት በሚመስል መስመር የተሸነተረ ቅርፅ ይታያል፤ አንደኛው ግማሽ ቅርፁን ጎልቶ፣ ሁለተኛው ያንኑ ተቀርጾ ይይዘዋል። ይህ አሞናይት የሚባል የባሕር እንስሳ ቅሪተ አካል ነው። እንስሳው ከመቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ቴቲስ በሚባል ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ ሲሆን፣ ሞቶ ወለሉ ላይ በጭቃ ተቀበረ። ከ50 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የሕንድ መሬት ከእስያ ጋር ሲጋጭ ባሕሩ ተዘጋ፤ ወለሉም ተጨራምቶ ወደ ሰማይ ወጣ። ሂንዱዎች ድንጋዩን ሻሊግራም ብለው ቪሽኑ የሚባለው አምላካቸው ምልክት አድርገው ያከብሩታል። ወደ 3,700 ሜትር ከፍታ የሚጠጋውን የሙክቲናት መቅደስ ሂንዱዎችም ቡድሂስቶችም ይሳለሙታል። በዚያ 108 የውሃ መፍሰሻዎች ሲኖሩ፣ ከምድር በሚወጣ የተፈጥሮ ጋዝ ምክንያት ከውሃ አጠገብ ሳትጠፋ የምትኖር ትንሽ የእሳት ነበልባል ትታያለች። አንድ ድንጋይ የሳይንቲስቱም የምእመኑም ማስረጃ የሚሆንበት እንዲህ ያለ ቦታ ብዙ አይገኝም።

የሰሜኑ ሙስታንግ ሸለቆ አሠራር ደግሞ ለምሥራቅ አፍሪካ ሰው ቅርብ ነው። ሂማላያን የምናስበው ሁለት መሬቶች እየተገፋፉ የሚያሳድጉት ተራራ አድርገን ነው። ነገር ግን ምድሩ ከደቡብና ከሰሜን ሲጨመቅ በምሥራቅና በምዕራብ ይለጠጣል፤ በተለጠጠበትም ቦታ ይሰነጠቃል። በሁለት ስንጥቆች መካከል የሰመጠው መሬት በጂኦሎጂ ቋንቋ “ግራበን” ይባላል፤ ስምጥ ማለት ነው። መነሻ ምክንያቱና ስፋቱ ከእኛው ስምጥ ሸለቆ ቢለይም መልኩ ያው የሰመጠ ወለል ነው። ይህ ስምጥ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ ከወንዝና ከሐይቅ በወረደ ደለል፣ አሸዋና ጠጠር ተሞላ። ከዚያም ወንዞቹ መልሰው ቆረጡት። የዛሬዎቹ ገደሎች፣ ቀይ፣ ብጫና አመድማ ሆነው እንደ ኦርጋን ቧንቧ የተሰደሩት ዓምዶች፣ በከፊል የጠነከረ ደለል እንጂ አለት አይደሉም። ዳክማር በምትባለው መንደር ያለው ገደል ከቅላቱ የተነሣ ነዋሪዎች በአፈ ታሪክ የታረደች አጋንንት ደም ነው ይሉታል።

በእነዚህ ገደሎች ላይ በሰው እጅ የተፈለፈሉ 10,000 ያህል ዋሻዎች እንዳሉ ይገመታል። ብዙዎቹ ከመሬት ርቀው በገደሉ መሐል ስለሚገኙ ዛሬ በገመድ እንጂ በእግር አይደረስባቸውም። ከ3,000 ዓመታት ገደማ ጀምሮ በየዘመናቱ ለመቃብር፣ ለመኖሪያ፣ ለጸሎት አገልግለዋል። በውስጣቸው እንጨትና ጨርቅ፣ የሰው አስከሬን ጭምር ሳይበሰብስ መገኘቱ የአየሩ ድርቀት ሥራ ነው። ገደሉ ራሱም ቢሆን በሉምሌ ዝናብ ልክ ቢዘንብበት ኖሮ ቀድሞ ተንዶ ነበር። የሙስታንግ ውበት ባለበት የቆየው ዝናብ ሳይደርስበት በመቅረቱ ነው ማለት ይቻላል።

በረዶ ስንል የትኛውን?

በአማርኛ “በረዶ” የሚለው ቃል ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ ተበትኖ የሚወርደውንም፣ በተራራ ላይ ለዘመናት ተከምሮ የረጋውንም ይጠራል። ለሙስታንግ ጉዳይ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መለየት የግድ ነው። የረጋው ክምር የበረዶ ግግር ሲባል፣ ተበትኖ ወርዶ ብርዱ ሲያልፍ የሚቀልጠውን እዚህ የክረምት በረዶ እንለዋለን፤ ክረምት ስንልም ሐምሌና ነሐሴን ሳይሆን የእነርሱን የብርድ ወራት ነው።

የሞንሱን ዝናብ በቅጡ የማይደርሳት ሰሜናዊ ሙስታንግ ማሳዋን በማረሻ ጊዜ የምታጠጣው በአብዛኛው በክረምት በረዶ ነው። ይህ በረዶ የሚመጣው ከሜዲትራኒያን አካባቢ ተነሥቶ በምዕራብ በኩል በሚደርስ የአየር ሥርዓት ነው። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ የወረደው በረዶ ከመንደሮቹ በላይ ባሉት ተዳፋቶች ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ ፀሐይ ስትበረታ በዝግታ ይቀልጣል፤ ከፊሉ በቦይ ይወርዳል፣ ከፊሉ መሬት ውስጥ ሰርጎ ምንጮችን ይመግባል። ጎተራ ማለት ነው፤ በብርድ የተከማቸው በዘር ጊዜ ይወጣል።

በዚህ ውሃ የሚበቅለው ገብስና ጥቁር ስንዴ የሚባለው የደጋ እህል ነው። ገብሱ ተቆልቶ ይፈጭና ቅቤና ጨው በገባበት ሻይ እየታሸ ይበላል። ቲቤታውያን ሳምፓ ይሉታል፤ ከእኛ በሶ የሚለየው በስሙና በማጣጫው ብቻ ነው። ውሃው በተራ ይከፋፈላል፤ ተራውን የሚያስጠብቅ፣ ቦይ ሲደፈን ሰው የሚጠራ፣ ሰርቆ ያጠጣውን የሚቀጣ የመንደር ሹም አለ፤ እኛ የውሃ አባት የምንለው ዓይነት ሰው ነው። በአንድ አዝመራ ብቻ የሚኖር ሕዝብ አንድ የመስኖ ተራ ቢያመልጠው የሚያጣው የዓመት ቀለብ ነው።

መቀመጫውን በካትማንዱ ያደረገው የተቀናጀ የተራሮች ልማት ዓለም አቀፍ ማዕከል በ2023 ባወጣው ግምገማ የሂንዱ ኩሽና የሂማላያ ግግሮች ከ2011 እስከ 2020 ባሉት ዓመታት ከቀደመው ዐሥር ዓመት በ65 በመቶ ፈጥነው ተመናምነዋል። የጋዝ ልቀት በያዘው መንገድ ከቀጠለም በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ግዝፈታቸው ሊጠፋ እንደሚችል ግምገማው ይገልጻል። ሕዝብ የሚሰማው ይህን አኃዝ ነው። የሳምጆንግ ዓይነት መንደር ግን ከበላዩ ትልቅ ግግር የለውም። እርሱን የሚጎዳው የክረምቱ በረዶ ማነሱ ወይም ሳይቆይ መቅለጡ ነው። ትልቅ ግግር ያለው ሸለቆ ግግሩ ሲቀልጥ ለተወሰኑ ዐሥርት ዓመታት ውሃው ሊጨምር ይችላል፤ በየዓመቱ በረዶ የሚኖር ሸለቆ ግን በረዶው በቀረበት ዓመት ወዲያው ይደርቃል።

በዚህ ላይ ተመራማሪዎች ሁሉ አንድ ቃል አይደሉም። በከፍታው ላይ ያሉት የአየር መለኪያ ጣቢያዎች ጥቂት በመሆናቸው አንድን ምንጭ ያደረቀው የአየር ንብረት ለውጥ ብቻ ነው ብሎ መደምደም ከባድ ነው። ወጣቱ ወደ ፖካራ፣ ካትማንዱና ውጭ አገር ሲሄድ ቦይ የሚጠርግ ጉልበት ይጠፋል፤ ያልተጠረገ ቦይ ደግሞ ውሃ ያፈሳል። ሁለቱ ምክንያቶች እርስ በርስ የሚመጋገቡ ናቸው። ውሃ ሲያንስ ሰው ይሄዳል፤ ሰው ሲሄድም የነበረው ውሃ ማሳ ሳይደርስ ይቀራል።

የጭቃ ጣሪያና ዝናብ

የሙስታንግ ባህላዊ ቤት ከታች ድንጋይ፣ ከላይ በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ ሲሆን፣ በወጋግራ ላይ ጭራሮ ተረብርቦ፣ በዚያ ላይ አፈር ተደልድሎ ተጠቅጥቆ ይሠራል፤ የትግራይና የላስታ የአፈር ጣሪያ ቤቶችን የሚያውቅ ሰው አሠራሩን ወዲያው ይረዳዋል። በጣሪያው ዳር ዳር የማገዶ እንጨት ተደርድሮ ይከመራል። እንጨት በማይበቅልበት አገር ይህ ክምር የባለቤቱን ሀብትና ማዕረግ ስለሚያሳይ ብዙ ጊዜ አይነካም። እህል የሚሰጣው፣ ሴቶች የሚፈትሉት፣ ሽማግሌ ፀሐይ የሚሞቀው ጣሪያ ላይ ነው። በረዶ ሲወርድ በአካፋ ተጠርጎ ይጣላል።

ዝናብ ግን በአካፋ አይጠረግም። ውሃው አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል፣ ወጋግራውን ያበሰብሳል፣ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች ይሸረሽራል። ከፍታው በሞቀ ቁጥር ቀድሞ በረዶ ሆኖ ይወርድ የነበረው በዝናብ መልክ ይወርዳል፤ መጠኑ ባይጨምር እንኳ መልኩ መለወጡ ብቻ ለእነዚህ ቤቶች በቂ ጉዳት ነው። ለዘመናት በቆዩት የሎ ማንታንግ ቤተ መቅደሶች የግድግዳ ሥዕሎችም ጠላታቸው ከጣሪያ የሚወርድ ፍሳሽ ነው። ስለዚህ ብዙ ነዋሪ ወደ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ፊቱን አዙሯል። ይህን እንደ ባህል ክህደት የሚያዩ ጎብኚዎችና የቅርስ ባለሙያዎች አሉ፤ ነገር ግን በሚያፈስ ቤት ልጅ የሚያሳድግን ሰው ስለ ውበት ብለህ ታገሥ ማለት አግባብ አይመስልም። ሲሚንቶ ግን በሌሊት ብርድ እንደ ጭቃ ሙቀት አይዝም፤ ማገዶውም ከፍ ይላል። የተሻለው መንገድ ውሃ በማያሳልፍ ሽፋን የጭቃውን ጣሪያ ማጠናከር ይሆን ነበር፤ ወጪው ግን ከአንድ ገበሬ አቅም በላይ ነው።

የካግቤኒም ጎርፍ የሚገባው በዚሁ ሥዕል ውስጥ ነው። ራቁት ደለል ተዳፋት ላይ በረዶ ሲወርድ አፈሩን ሸፍኖ ይይዘዋል፤ ዝናብ ሲወርድ ግን የሚይዘው ሥርና ሣር ስለሌለ አፈሩ ይነሣል። ውሃው ጭቃና ቋጥኝ እየጨመረ ሲወርድ ከወንዝ ይልቅ የሚፈስ ሲሚንቶ ይመስላል። በሉምሌ ማንም ልብ የማይለው ዝናብ በሙስታንግ ድልድይ ሊያፈርስ የሚችለው ለዚህ ነው። በመንደሯ ላይ የደረሰው ጉዳት የበዛው ደግሞ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች የወንዙን አልጋ እያጠበቡ ስለተሠሩ ጭምር ነው። አየሩን ተወቃሽ ስናደርግ የሰውን እጅ መርሳት የለብንም።

በበሩ የሚገባው መንገድ

በድሮ ጊዜ በዚህ ሸለቆ የቲቤት ጨው ወደ ደቡብ፣ የቆላው እህል ወደ ሰሜን በበቅሎና ያክ በሚባለው ጸጉራም የተራራ ከብት ይመላለስ ነበር፤ ታካሊ የሚባሉት የሸለቆው ነጋዴዎችም በዚህ በልጽገው እንደ ቱኩቼ ያሉ ከተሞችን አቆሙ። የሰሜኑ ክፍል ለውጭ ጎብኚ የተከፈተው በ1992 ሲሆን ለረጅም ዓመታት ለዐሥር ቀን 500 ዶላር የመግቢያ ክፍያ ይጠየቅበት ነበር። የሎ ንጉሥ ማዕረግ በ2008 ከኔፓል ዘውድ ጋር አብሮ ቀረ። በእነዚያው ዓመታት የመኪና መንገድ ጆምሶም ደረሰ፤ ቀስ በቀስም ወደ ሎ ማንታንግና ወደ ኮራ ላ ተዘረጋ፤ በ2023 መጨረሻ የኮራ ላ በር ለንግድ ተከፈተ።

መንገዱን የሚደግፉት የሚያነሡት ነገር ተጨባጭ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ሆስፒታል ትደርሳለች፣ ዘይትና ሩዝ ይረክሳል፣ የማርፋ ገበሬ ፖሙን ሳይበሰብስ ገበያ ያደርሳል። ሙቀቱ ፖም የሚበቅልበትን ከፍታ ወደ ላይ እየገፋው ስለሆነ ቀድሞ ፖም የማያውቁት መንደሮችም ዛሬ ይተክላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ በእግር ከሚጓዝ እንግዳ ይተዳደሩ የነበሩ ማረፊያዎች መክሰራቸውን፣ አቧራውን፣ ከሁሉም በላይ በዶዘር የተቆረጠው ደለል ገደል በዝናብ መናዱን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም እውነት ነው። የእኔ ፍርድ መንገዱ ይቅር ወደሚለው አያዘነብልም፤ አቆራረጡ ግን አለት ላይ እንደሚሠራ መንገድ መሆኑ ጥፋት ነው። በደለል ላይ የሚሠራ መንገድ የውኃ መውረጃና የገደል ድጋፍ ከሌለው በየዓመቱ ራሱን ይበላል፣ ከበታቹ ያለውንም መንደር አደጋ ላይ ይጥላል።

መንደር ሲነሣ

4,000 ሜትር ገደማ ላይ የነበሩት የሳምጆንግ አባወራዎች ከሃያ አይበልጡም ነበር። የተዛወሩት ሎ ማንታንግ አጠገብ ናማሹንግ ወደምትባል ስፍራ ሲሆን መሬቱን የሰጧቸው የመጨረሻው የሎ ንጉሥ ጂግሜ ዶርጄ ፓልባር ቢስታ ናቸው፤ እርሳቸውም በ2016 አርፈዋል። ደየ የምትባል ሌላ መንደርም በተመሳሳይ ምክንያት ዝቅ ወዳለ ስፍራ የመዛወር መንገድ ጀምራለች።

የማዛወርን ነገር የሚደግፉ ሰዎች በየዓመቱ እርዳታ ከመላክ አንድ ጊዜ አስፍሮ መጨረስ ይሻላል ይላሉ። ጥያቄው መሬቱ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በሙስታንግ ያለው መሬት ሰፊ ቢሆንም ውሃ የሚደርሰው ማሳ ጥቂት ነው፤ እርሱም ባለቤት፣ ቦይና ተራ አለው። ንጉሥ የግል መሬቱን የሚሰጥበት ዘመን አልፏል፤ መንግሥት የአየር ንብረት ተፈናቃይን የሚያሰፍርበት ግልጽ ሕግ እስካላወጣ ድረስ ቀጣዩ መንደር የሚደራደረው ከጎረቤቱ ጋር ነው። ጎረቤቱም ቢሆን በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ከመንደሩ በላይ ያለው ተዳፋት መንጣት አለመንጣቱን ሳያይ ከውሃው ተራ ላይ ስንት ሰዓት ቆርሶ መስጠት እንደሚችል አያውቅም።